ምን አልኩሽ?

እናቴ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሳሳ ሲል፣ አንዲት የገጠር እናት ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የመጡት ከደምቢያ ነው። ሌሊት ተነሥተው እስከ ቆላ ድባ በእግራቸው፣ ከዚያ ወዲህ በመኪና ተጉዘው ጎንደር ሲደርሱ ቀትር አልፏል። እንደ ወጉ እየጮኹ እንዲገቡ ስንጠብቅ እርሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያም ዳዊት እንደሚደግም ሰው በዝግታ እንዲህ አሉ፦

«ሦስት የቢራ ጠርሙስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ ለጥ ያለ እንጂ የተቆለለ አይደለም። ግማሽ ማንኪያ ጨው። ቅመሽው፤ ከእንባ ይልቅ ጨው ከበዛበት ድፊው።»

ዘመዶቻችን ሐዘን ያናወዛቸው መስሏቸው ሊደግፏቸው ተነሡ። እኔና ከእናቴ ጋር የሠሩ ሁለት ጡረተኛ ነርሶች ግን ከተቀመጥንበት አልተንቀሳቀስንም። የሰማነውን አውቀነዋል። ተቅማጥ ውኃውን ለጨረሰበት ሕፃን ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ውሕድ ነው። ሦስት የቢራ ጠርሙስ ውኃ አንድ ሊትር ሊሞላ የሚጎድለው በጣም ጥቂት ነው፤ መለኪያ በሌለበት ቤት እንዲህ እንዲለካ እናቴ ስታስተምር ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቁጥሩን አላውቀውም።

«ሲስተር ናቸው ያስጠኑኝ» አሉ ሴትዮዋ ሲቀመጡ። «ሦስት ጊዜ አስደግመውኛል። በሦስተኛው ሳልሳሳት ስለው ነው ከጤና ጣቢያው የለቀቁኝ። ያ ልጅ ዛሬ የአራት ልጆች አባት ነው።» ከዚህ በኋላ ነው ያለቀሱት።

በሰፈራችን እናቴን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ለጎረቤቱም፣ ለባለሱቁም፣ ለቄሱም «ሲስተር» ነበረች። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ስገባ የእናትሽ ስም ማን ነው ስባል «ሲስተር» ብዬ መልሼ ክፍሉ ስቋል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማውቃት በአንድ ጥያቄዋ ነው፦ «ምን አልኩሽ?»

አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ቁጣ ነው። ልጅ ዕቃ ሲሰብር፣ ወድቆ ጉልበቱን ሲልጥ፣ እናት በቁጣ የምትለው ነው። እናቴ ግን ይህን የምትለው ጥፋት ከመፈጸሙ በፊት ነበር። «ወተቱ ሲገነፍል አውጪው፣ ክዳኑን ገጥመሽ አስቀምጪው» ትልና ወዲያው «ምን አልኩሽ?» ትላለች። ደግሜ እስክነግራት ከፊቴ አትነሣም። በልጅነቴ ይህ ነገር ያበሽቀኝ ነበር። እንደማታምነኝ፣ ሞኝ አድርጋ እንደምታየኝ አድርጌ ወስጄው ብዙ ዓመት አኩርፌባታለሁ። ነገሩ ከየት እንደመጣ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ የነገረችኝም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እናቴ የተወለደችው በ1942 ዓ.ም. ከጣና በስተሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆናት፣ ከ1950 ክረምት እስከ 1951 መጀመሪያ፣ ያ ታላቁ የወባ ወረርሽኝ ደረሰ። ዝናቡ ከልክ አልፎ፣ ሙቀቱም ከወትሮው ጨምሮ፣ ወባ ከዚያ በፊት ወዳልለመዳት ደጋና ወይና ደጋ ወጣች። በመላ አገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ደምቢያ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች። እናቴ ስለዚያ ዘመን ስታወራ ቁጥር አትጠራም። የምታስታውሰው የአባቷ ጤፍ አጫጅ አጥቶ ቆሞ መርገፉን ነው። ደግሞም ለቀብር የሚወጣ ጎልማሳ ጠፍቶ ሴቶች ጉድጓድ መቆፈራቸውን።

ከቤታቸው ሁለት ልጆች ታመሙ፤ እርሷና ታናሽ ወንድሟ። አንድ ቀን በበቅሎ የመጣ ሰው ነጫጭ ኪኒን አድሎ አለፈ። ለአያቴም ሰጣት፤ ዛሬ ይህን ያህል፣ ነገ ይህን ያህል፣ ከነገ ወዲያ ይህን ያህል ብሎ ነገራት። ውጭ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበርና ቸኩሎ ነበር። አያቴ «እሺ ጌታዬ» ብላ እጅ ነሥታ ሸኘችው። ከዚያ ስታስበው ቁጥሩ ጠፋባት። ብታበዛው የምትገድል መሰላት፤ ለትልቋ ትንሽ ሰጥታ፣ ለሕፃኑ ፈርታ፣ የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ሰውየው ሲመለስ ልትጠይቀው ነበር ሐሳቧ። ሰውየው አልተመለሰም። ሕፃኑ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ሊገንዙት ሲሉ አያቴ ነጠላዋን ፈታች፤ ኪኒኖቹ ከቋጠሮው ውስጥ መሬት ላይ ተበተኑ።

እናቴ ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ እናት በሆንኩበት ሰሞን፣ ሌሊት፣ አራስ ቤት አጠገቤ ተቀምጣ ነው። አያቴን አልወቀሰችም። በቅሎ ላይ የነበረውንም ሰው አልረገመችም፤ «እሱስ ምን ያድርግ፣ ብቻውን ነበር» አለች። ቀጥላ ያለችው ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም፦ «ነግሮ መሄድ ሥራ መስሎት ነው። ሥራው መሰማቱን ማየት ነበር።»

ወደ ነርስነት ስትሄድ ቤተሰቧ በደስታ አልሸኛትም። በዚያን ጊዜ በገጠር ዓይን አስታማሚነት የገረድ ሥራ ነበር፤ የሰው ልጅ ሰገራና መግል መጥረግ፣ ከዚያም በላይ የማያውቁትን ወንድ ገላ መንካት። አያቴ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም ይባላል። ያስታረቃቸው አዲስ አበባ በወታደርነት የኖረ አጎቷ ነው። «የንጉሡ ልጅ የሠራችውን ሥራ ነው የምትንቁት?» አላቸው። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር፣ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ፣ አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሳ፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወጣትነቷ ማረፏን ነገራቸው። አያቴ የልዕልቲቱን ወሬ ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው «ለእናቷ ማን አረዳት?» ነበር። ከዚያ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ፈቃድ ሆነ።

ጎንደር ያኔ ለዚህ ሥራ የተለየች ከተማ ነበረች። በ1947 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያን የሚባሉ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ ያሠለጥን ነበር። ቆይተው በቡድን ሆነው ገጠር ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይወርዳሉ፤ አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት ትሄዳለች፣ አንዱ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። በሽታን ሐኪም ቤት ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ መንደሩ ድረስ ሄዶ የመግታት ሐሳብ በአገራችን ሥር ከያዘባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እናቴም እንዲህ ያለውን ሥራ ነበር የምትፈልገው። ክፍል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ጎበዝ ነበረች፤ ልቧ ግን በቅሎ በቆመበት ደጅ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ስትመረቅ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በአገሪቱ ተጀምሮ ነበር። ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት በተከፈለች አነስተኛ መርፌ ክንድን አሥራ አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መወጋት ነው ክትባቱ። በእግርና በበቅሎ ብዙ መንደር ዞረች። ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የለም፤ ያ ስንት ዓይን ያጠፋ፣ ስንት ፊት ያበላሸ በሽታ የለም። በሚያዝያ 1972 መጨረሻ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ እናቴ ሬዲዮኑን ጠጋ ብላ ሰማችና ተነሥታ ቡና ቆላች። ሥራ ቀን ነበር፤ ሰዓቱም የቡና አልነበረም። ስድስት ዓመቴ ነው፤ የትልቅ ሰው ደስታ እንዲያ በዝምታ ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው።

መምህርነቷን ከነርስነቷ ለይቼ መጻፍ አልችልም፤ ሞክሬ ነበር። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከሚገኘው ዋርካ ሥር የማታ ትምህርት ለሴቶች ከፈተች። ልጃቸውን ያዘሉ፣ እርጉዞች፣ አማቶች ከምራቶቻቸው ጋር ይመጣሉ። ፊደሉን በተራ አስቆጠረቻቸው፤ ቃል መጻፍ ሲጀምሩ ግን በራሷ መንገድ ሄደች። መጀመሪያ ያስያዘቻቸው ፊደል «ወ» ነው። ወተት፣ ወባ፣ ወላድ፤ ቀጥሎ ውኃ። ከእነዚህ በኋላ ያስተማረቻቸው ሐረግ «በቀን ሦስት ጊዜ» የሚል ነበር። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ማንበብ ያልቻለ ሰው ሌላውን ማንበቡ ምን ይጠቅመዋል ባይ ነች። የዘመቻው አስተባባሪ በዚህ አልተደሰተም፤ እርሷም መልስ አልሰጠችውም። ሴቶቹ ግን የጽሑፉን ቅርጽ በጣታቸው አመድ ላይ እየጻፉ ይለማመዱ ነበር።

ስለ እናትነቷ ስጽፍ እውነቱን መናገር አለብኝ። ብዙ ጊዜ ቤት አልነበረችም። አባቴ በአዲስ አበባና በአሰብ መካከል የጭነት መኪና ስለሚነዳ ከወር ሦስቱን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። በ1972 ዓ.ም. የክትባት ፕሮግራሙ ሲጀመር ደግሞ እናቴ በረዶ የተሞላ የክትባት ሣጥን አንጠልጥላ ለሳምንትና ከዚያም ለሚበልጥ ቀን ትወጣ ጀመር። ስድስቱን በሽታዎች እንደ መዝሙር ነበር የማውቃቸው፦ ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ዘጊ አነዳ፣ የልጅነት ልምሻ፣ የሳንባ ነቀርሳ። ከስድስቱ ጋር እናቴን እካፈል ነበር፤ ያኔ የተሰማኝ እንደዚያ ነው።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ዘጠኝ ቀን ተለየችኝ። ስትሄድ ለጎረቤታችን ዘጠኝ የተጣጠፉ ወረቀቶች ሰጥታ ነበር። በየማታው አንድ ይሰጠኛል። ወረቀቱ ላይ ሦስት ወይም አራት መስመር አለ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። «ዛሬ ጸጉርሽን ማን ሠራሽ? ስንት ጉንጉን ነው?» «ድመቷ የት ተኛች?» «ዛሬ የፈራሽው ነገር ነበረ? ምን ነበር?» መልሱን ከሥሩ ጽፌ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣለሁ። በአራተኛው ቀን አኩርፌ ምንም አልጻፍኩም። ስትመለስ ዘጠኙንም አንብባ የፊደል ስሕተቴን በቀይ አረመች። ባዶውን ወረቀት ግን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ እኔን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ይህን ደግሞ አሁን ንገሪኝ» አለችኝ። ያ ማታ እራት አልተሠራም፤ እንጀራ በበርበሬ በላን። ሌሎች እናቶች ሁልጊዜ ቤት ነበሩ፤ ልጃቸው በአራተኛው ቀን ምን እንደተሰማት የጠየቁ ግን ስንቶች ናቸው?

ስለ 1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ አልጽፍም፤ እርሷም አልተናገረችም። እብናት መጠለያ ሦስት ወር ሠርታ ስትመለስ ጸጉሯ በቅማል ምክንያት ተላጭቶ ነበር። «እዚያ የሚያስደግሙት ነገር የለም» ብቻ ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ በሙሉ ወደ ማስተማር የዞረችው። የጎንደሩ ኮሌጅ በ1971 ዓ.ም. አካባቢ ከምሥራቅ ጀርመኑ የሊፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበርና ግቢው በጀርመን መምህራንና በነጭ ጋወን ተሞልቶ ነበር። እናቴ የምታስተምረው ነርሶችን ነው፣ በተግባር። ተማሪዎቿ መርፌ መውጋት ብርቱካን ላይ ይለማመዳሉ፤ ይህ የተለመደ ነው። ያልተለመደው ሌላው ነበር። አንዱን ተማሪ አልጋ ላይ አስተኝታ፣ እጁን እንዳያንቀሳቅስ አዝዛ፣ ሌላው ገንፎ እንዲያጎርሰው ታደርጋለች። ማንኪያው ቶሎ ቶሎ ሲመጣበት መዋጥ ያቃተው ተማሪ ሲያንቀው «አሁን ገባህ?» ትለዋለች። የታማሚውን ስም ሳይጠይቅ ሙቀት የለካ ተማሪ ያን ቀን ምንም ነጥብ አያገኝም።

ሁሉም የሚያስታውሱላት ትምህርት ግን የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው። ጠረጴዛ ላይ ነጠላ ትዘረጋለች። ከጫፉ ትንሽ ቋጠሮ አለ። «ይህ ምንድን ነው?» ትላለች። ገንዘብ ነው ይላሉ፣ ቁልፍ ነው ይላሉ። ትፈታዋለች፤ ነጫጭ ኪኒኖች ይወጣሉ። «ይህ የእናንተ መድኃኒት ነው። በትክክል መርምራችሁ፣ በትክክል አዝዛችሁ፣ ነግራችሁ ልካችኋት እዚህ ቀረ። ኪኒኑን ስትሰጡ የነጠላውን ጫፍ እያያችሁ ስጡ።» ኪኒኖቹ ለምን ነጭ እንደሆኑ፣ ነጠላው የማን እንደሆነ ለተማሪዎቿ ነግራ አታውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ለሁለቱ ጡረተኛ ነርሶች የአያቴን ታሪክ ስነግራቸው አንደኛዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሠላሳ ዓመት ያንኑ ነጠላ ለራሷም ተማሪዎች ስትዘረጋ ኖራለች፤ ምሳሌ መስሏት ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ስልሳ ሞልቷት ጡረታ ወጣች። ከወጣችም በኋላ ወደ ቤታችን የሚመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነበሩ፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት ሠልጥነው ወደየቀበሌያቸው የተመደቡ ልጃገረዶች። በጣም ትወዳቸው ነበር። ለየቀበሌው ሁለት ሁለት መመደባቸውን ስትሰማ «ሁለት!» አለች፤ ጮክ ብላ። በቅሎ ላይ ብቻውን የነበረው ሰው ትዝ ብሏት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አሁን ስለማወቅ ብዬ ያንን ዝምታዬን ብመልሰው ደስ ባለኝ።

በሰባ ሁለት ዓመቷ ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇንና ንግግሯን ወሰደው። ዓይኗ ግን ያው ነበር፤ ሁሉን ታያለች፣ ሁሉን ትሰማለች። ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን አንዲት ወጣት ነርስ መድኃኒቶቿን በፌስታል ይዛ መጣች። አራት ዓይነት ናቸው። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል፤ ልጅቷ ከሌሊት ጀምራ የቆመች ነች፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ቶሎ ቶሎ ነገረችኝ። ይህ ጠዋት፣ ይህ ጠዋትና ማታ፣ ይህ ግማሹ፣ ይህ ከምግብ በኋላ። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩና ፌስታሉን ተቀበልኩ። ልጅቷ ዞረች።

እናቴ በግራ እጇ ጣት የአልጋውን ብረት መታች። ኳ፣ ኳ።

ውኃ የፈለገች መስሎኝ ብርጭቆ አነሣሁ። ዓይኗን ጨፈነች፤ አይደለም ማለቷ ነው። ትራስ አስተካከልኩ። ኳ፣ ኳ። ዓይኗ ፌስታሉ ላይ ነበር፤ ከፌስታሉ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ፌስታሉ። ነርሷ ድምፁን ሰምታ ከበሩ ተመለሰች። «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«ድገሚው እያለችኝ ነው» አልኳት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ልጅቷ እናቴን አየቻት። ኮሪደሩ ላይ ስሟን እየጠሩ ነበር። እርሷ ግን መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ እኔም ልስማ» አለች።

መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ከፌስታሉ አውጥቼ ብርድ ልብሱ ላይ ደረደርኩ። የመጀመሪያውን አልኩ። ሁለተኛውን አልኩ። ሦስተኛው ላይ ሙሉውን ነው ብዬ ስናገር ጣቷ ብረቱን መታ። ነርሷ ልታርመኝ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ እናቴን ዓይታ ጠበቀች። እኔም መድኃኒቶቹን ሰብስቤ ፌስታሉ ውስጥ መለስኳቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።